ቴስታ እና የመርሳት በሽታ፦ ስለ ድሮ ተጫዋቾች በስህተት የሚወራው

በ1966 የዓለም ዋንጫን ካነሳው የእንግሊዝ ቡድን ሬይ ዊልሰን፣ ማርቲን ፒተርስ፣ ኖቢ ስታይልስ፣ ወንድማማቾቹ ጃክና ቦቢ ቻርልተን አምስቱም በመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) ተይዘው ነው ያረፉት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ዓይነት ዜና በተሰማ ቁጥር ግማሹ ሰው «ቴስታ ገደላቸው» ይላል፣ ግማሹ ደግሞ «እርጅና ነው እንጂ ኳስ ምን አደረገ?» ይላል። ሁለቱም ይቸኩላሉ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«እርጅና ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም»

አይደለም። በ2019 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በዶክተር ዊሊ ስቱዋርት መሪነት፣ 7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን በዕድሜና በኑሮ ደረጃ ከሚመስሏቸው ከ23 ሺህ በላይ ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። አንጎልን ቀስ በቀስ በሚያዳክሙ በሽታዎች የሞቱት ከተጫዋቾቹ 1.7 በመቶ፣ ከሌሎቹ 0.5 በመቶ ነበሩ። ሲሰላ አደጋው ሦስት ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። ከእነዚህ በሽታዎች አንዱ በሆነው፣ ዋነኛው የመርሳት በሽታ በሆነው በአልዛይመር ብቻ ሲታይ አምስት እጥፍ ይሆናል።

እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ ይነሳል። ስፖርተኛ በልብ በሽታ ቶሎ ስለማይሞት ዕድሜው ይረዝማል፣ ታዲያ በሽታው የሚይዘው ረጅም ስለኖረ ቢሆንስ? እውነትም ተጫዋቾቹ እስከ 70 ዓመት ድረስ ከሌላው ሰው ያነሰ ነበር የሚሞቱት። ግን ይሄ ተሰልቶም ልዩነቱ አልጠፋም። በ2023 የወጣው የስዊድን ጥናት ደግሞ ከ6 ሺህ በላይ የከፍተኛ ሊግ ተጫዋቾችን አይቶ ልዩነቱን አንድ ተኩል እጥፍ ነው ያገኘው፤ ከስኮትላንዱ ያንሳል፣ አቅጣጫው ግን ያው ነው። አብዛኛው ተጫዋች በዚህ በሽታ እንደማይሞትም አብሮ መነገር አለበት።

«ራሱን ስቶ ካልወደቀ ምንም አልሆነም»

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፣ ለእኔም ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው።

አንጎል የራስ ቅል ውስጥ ፈሳሽ ላይ ተንሳፍፎ ነው ያለው። ኳሱ ግንባር ሲመታ የራስ ቅሉ በአንዴ ይነቃነቃል፣ አንጎሉ ግን ትንሽ ዘግይቶ ይከተላል፤ በተለይ ጭንቅላት ዞር ሲል የነርቭ ሴሎችን የሚያገናኙት ቀጫጭን ክሮች ይለጠጣሉ። ሰውየው አይወድቅም፣ አያዞረውም፣ ሮጦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ዳኛም ሐኪምም የሚያየው ነገር የለም። ግን ይሄ በሳምንት ስንቴ ይደገማል? በዓመትስ? በ15 ዓመት የጨዋታ ዘመንስ?

በ2016 የስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከማዕዘን ምት የሚመጣ የሚመስል ኳስ ለ19 ተጫዋቾች በማሽን እየወረወሩ 20 ጊዜ በቴስታ እንዲመቱ አደረጉ። ወዲያው የማስታወስ ፈተና ሲሰጧቸው ውጤታቸው ከ41 እስከ 67 በመቶ ወረደ። በ24 ሰዓት ውስጥ ተመለሰ። ይህች ትንሽ ጥናት ስለ ዲሜንሺያ ምንም አታረጋግጥም፤ ማንም ሳይወድቅ አንጎል ላይ የሆነ ነገር እንደሚደርስ ግን ታሳያለች።

«ችግሩ የድሮው የቆዳ ኳስ ነበር፣ አሁን ቀርቷል»

ይቺ በጣም የምትወደድ ሰበብ ናት። ሕጉ የሚፈቅደው የኳስ ክብደት ከ1937 ጀምሮ ያው ነው፣ ከ410 እስከ 450 ግራም። እርግጥ የቆዳው ኳስ ዝናብ ይጠጣና ይከብድ ነበር። የከበደ ኳስ ግን ፍጥነቱም ይቀንሳል። የዛሬው ውሃ አይጠጣም፣ ይበርራል። የግላስጎው ቡድን በ2021 መረጃውን በተጫዋቾቹ የትውልድ ዘመን ከፋፍሎ ሲያየው በቀደሙትና በኋለኞቹ ተጫዋቾች አደጋ መካከል ልዩነት አላገኘም።

ይህን ሰበብ ያስለመደን የጄፍ አስትል ታሪክ ይመስለኛል። በቴስታ የታወቀው የእንግሊዙ ክለብ የዌስት ብሮምዊች አጥቂ በ2002 ሲሞት ገና 59 ዓመቱ ነበር። የሞቱን መንስኤ ያጣራው ባለሥልጣን ከሥራው የመነጨ በሽታ ነው ብሎ ወሰነ። በ2014 አንጎሉ እንደገና ሲመረመር፣ ጭንቅላታቸው በተደጋጋሚ በሚመታ ሰዎች ላይ የሚታየው ሲቲኢ የሚባለው በሽታ ተገኘበት። ሁሉም «የቆዳ ኳስ» አለና ነገሩ ተዘጋ። መዘጋት አልነበረበትም።

«ሁሉም ተጫዋች እኩል ነው የሚጎዳው»

እኩል አይደለም፣ ከማስረጃው ሁሉ እኔን በጣም ያሳመነኝም ይሄ ልዩነት ነው። በዚያው የ2021 ጥናት የበረኞች አደጋ ከተራው ሰው ብዙም አይለይም፣ የተከላካዮች ግን አምስት እጥፍ ገደማ ነው። በረኛውም አብሮ ተጉዟል፣ አንድ ሐኪም አክሟቸዋል፣ አንድ ዓይነት ኑሮ ኖረዋል። የሚለያቸው ትልቁ ነገር ማን ኳስ በግንባሩ እንደሚመታ ነው።

«በቃ፣ ቴስታ ነው ብቸኛው መንስኤ»

እዚህም ቆም እንበል። እነዚህ ጥናቶች ማን ስንት ጊዜ እንደመታ አልቆጠሩም። ከቴስታ ሌላ የክርን ምት፣ የጭንቅላት ለጭንቅላት ግጭት፣ ከግቡ ብረት ጋር መላተም አለ። ከሜዳ ውጪ ደግሞ ከወላጅ የሚወረስ ዘረ መል፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ መጠጥ፣ የመስማት ችግር አሉ። ለዚህ ነው ሁለት ተጫዋቾች አብረው ተሰልፈው አንዱ በ60 የልጁን ስም የሚረሳው፣ ሌላው በ90 ጋዜጣ የሚያነበው።

«ሲቲኢ በስካን ይታወቃል»

እስካሁን አይታወቅም። የሚረጋገጠው ከሞት በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ነው። በ1958 ብራዚልን በአምበልነት መርቶ ዋንጫ ያነሳው ቤሊኒ በሕይወት ሳለ አልዛይመር ነው ተብሎ ነበር፤ በ2014 ካረፈ በኋላ ሲቲኢ ተገኘ።

«ቴስታን ካልከለከሉ የሚደረግ ነገር የለም»

አለ እንጂ! አብዛኛው ምት የሚመጣው ከጨዋታ ሳይሆን ከልምምድ ነው። በ2015 አሜሪካ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች ቴስታን ከለከለች። በ2021 እንግሊዝ ለአዋቂ ተጫዋቾች በሳምንት ልምምድ ከ10 በላይ ከባድ ቴስታ እንዳይኖር መመሪያ አወጣች፤ ከባድ የሚባሉት ከረጅም ቅብብል፣ ከተሻጋሪ ኳስ፣ ከማዕዘንና ከቅጣት ምት የሚመጡት ናቸው። እዚህ ላይ ጨዋታው ምን ጎደለበት? ምንም።

«ተጫዋች ስለነበረ ነው፣ ምን ይደረጋል»

ይሄን የሚሉት ቤተሰቦች ናቸው፣ ከልብ የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው። መርሳት ሁሉ ዲሜንሺያ አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ያስረሳሉ፣ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። አባታችሁ አንድን ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ ከጀመረ፣ የለመደው መንገድ ከጠፋበት፣ ያለ ጠባዩ ቱግ ማለት ካበዛ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ስንት ዓመት እንደተጫወተ፣ የት ቦታ እንደሚሰለፍ፣ ተመቶ ራሱን ስቶ ያውቅ እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። ካልነገራችሁት ላይጠይቃችሁ ይችላል።