የኤሌክትሪክ ኃይል መረብና የሳይበር ጥቃት

የኤሌክትሪክ ኃይል መረብ ዛሬ የሚመራው በኮምፒውተር ነው። የቁጥጥር ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ኦፕሬተር ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለን ብሬከር (ኃይል የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) በማውስ ያነሳል፣ ያወርዳል። ይህን የሚያስችለው ሥርዓት ስካዳ ይባላል። ማከፋፈያ ጣቢያው ላይ ያሉ መቆጣጠሪያዎች ደግሞ ትእዛዙን ተቀብለው ይፈጽማሉ።

ድክመቱ ከመነሻው ያለ ነው። ለምሳሌ ሞድበስ የተባለው የመገናኛ ፕሮቶኮል የወጣው በ1979 ነው (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ያኔ መሣሪያዎቹ ከውጭ ዓለም ጋር አይገናኙም ነበር። ስለዚህ ሞድበስ የላኪውን ማንነት አይጠይቅም፤ ትእዛዝ ከደረሰው ይፈጽማል።

በ2010 የተገለጠው ስተክስኔት የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር የኢራን የኒውክሌር ማበልጸጊያ ማሽኖችን አበላሽቷል። ከጀርባው አሜሪካና እስራኤል እንዳሉ በሰፊው ይነገራል፤ ሁለቱም በይፋ አላመኑም።

በኃይል ዘርፍ ከሁሉም በደንብ የተጠናው ግን የዩክሬኑ ጥቃት ነው። ነገሩ የጀመረው በኢሜይል ነው። ሠራተኞች አባሪ ፋይል ሲከፍቱ ብላክኢነርጂ የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር ገባ። ሰርጎ ገቦቹ ለወራት ድምፃቸውን አጥፍተው ፓስዎርድ ሰበሰቡ። ዲሴምበር 23 ቀን 2015 ከሰዓት በኋላ በአንዱ የቁጥጥር ክፍል የማውሱ ቀስት በራሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ኦፕሬተሩ ማውሱን ቢይዝም ቀስቱ አልታዘዘውም። ዓይኑ እያየ ብሬከሮቹ አንድ በአንድ ወረዱ። በሦስት አከፋፋይ ድርጅቶች ወደ 225,000 የሚጠጉ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው። የድርጅቶቹ የደንበኞች አገልግሎት ስልክም በሐሰተኛ ጥሪ ተጨናነቀ። ጣቢያዎቹን ከማዕከሉ ጋር የሚያገናኙት መሣሪያዎች ፈርምዌራቸው (መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ውስጣዊ ሶፍትዌር) ተበላሽቶ ከጥቅም ውጭ ሆኑ።

መብራቱን የመለሱት ሠራተኞቹ ናቸው። መኪና ይዘው በየጣቢያው ሄደው ብሬከሩን በእጃቸው አነሱ። ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ኃይሉ ተመለሰ። ይህ ሙያቸው ሊከበር ይገባል። ዩክሬንና አሜሪካ ጥቃቱን ያደረሰው የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ ነው ይላሉ፤ ሩሲያ ትክዳለች።

በ2016 ኪዬቭ አጠገብ ያለ ጣቢያ ኢንደስትሮየር በተባለ ሶፍትዌር ተመትቶ የከተማዋ አንድ ክፍል ለአንድ ሰዓት ያህል ጨለመ።

መከላከሉ ለምን ይከብዳል? የቢሮ ኮምፒውተር ማታ አጥፍተህ ታድሰዋለህ። የኃይል መቆጣጠሪያ ግን ሌት ተቀን ይሠራል፤ አንዳንዱ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለግላል። አምራቹ ድጋፍ ያቆመበትም አይጠፋም። የፍተሻ ሶፍትዌር ራሱ አሮጌ መቆጣጠሪያን ቀጥ ሊያደርግ ይችላል። አይኢሲ 62443 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መረቡ በክፍል በክፍል እንዲለይ ይመክራል፤ የቢሮው ኢሜይል ሲበከል ብሬከሩ ጋ እንዳይደርስ ማለት ነው። በዩክሬን ግን መንገዱ ክፍት ነበር፤ ከርቀት ለመግባት የሚጠየቀው የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድ ብቻ ነበር። ጥቃቱ ካለፈ ከሁለት ወር በኋላም የተመቱት ማዕከሎች ሙሉ በሙሉ አላገገሙም፤ ሠራተኞቹ ብሬከሩን በእጅ ማንሳትና ማውረዳቸውን ቀጥለው ነበር።