ልጅን ቤት ማስተማር በፖቶማክ ወንዝ ወዲህና ወዲያ

ልጅን ትምህርት ቤት ሳይልኩ ቤት ማስተማር (በተለምዶ ሆምስኩል) በአሜሪካ 50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው። ለመላ አገሪቱ የሚሠራ አንድ ሕግ ግን የለም። ትምህርት የግዛቶች ሥልጣን በመሆኑ ከወላጅ የሚጠየቀው ነገር እንደ መኖሪያ ቤቱ አድራሻ ይለያያል። ይህ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቨርጂንያዋ አሌክሳንድሪያ ቤት የቀየረ ቤተሰብ ወንዙን ሲሻገር ሕጉም ይቀየርበታል። በሁለቱም ግዛቶችና በዲሲ የግዴታ ትምህርት ዕድሜ ከ5 እስከ 18 ነው።

ሜሪላንድ ወላጁ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ይኑረው አይኑረው አትጠይቅም። ማስተማር ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን ቀደም ብሎ ለካውንቲው (ለአካባቢው አስተዳደር) ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማሳወቂያ ቅጽ ያስገባል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ጥናት፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት መሰጠት አለባቸው። ቁም ነገሩ ያለው ፖርትፎሊዮ የሚባለው ማኅደር ላይ ነው፤ ካውንቲው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊያየው ይችላል። ማኅደሩ ውስጥ ቀን የተጻፈበት የክፍልፋይ መልመጃ፣ የተነበቡ መጻሕፍት ዝርዝር፣ ልጁ የጻፈው ድርሰት፣ የሣለው ሥዕል ይገባሉ። ብዙዎች የሚቸገሩት በሒሳብ ሳይሆን በሙዚቃና በስፖርት ነው፤ ልጁ ሲዘምርም ሆነ ኳስ ሲጫወት ወረቀት ላይ የሚቀር ነገር የለማ! የዕለቱን ቀንና ሥራ ወዲያው በደብተር መመዝገብ ኋላ ከመዋከብ ያድናል። ጉድለት ከተገኘ የማስተካከያው ጊዜ 30 ቀን ነው። ካውንቲው እንዲያየው ያልፈለገ በተፈቀደለት ትምህርት ቤት ወይም የሃይማኖት ተቋም ክትትል ሥር ማስተማር ይችላል።

ቨርጂንያ ከማኅደር ይልቅ ውጤት ትፈልጋለች። ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ያሳውቃል፤ ማስተማር መቻሉን ከሚያሳይባቸው አራት መንገዶች ቀላሉ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ነው። ይህ የሌለው በርቀት ትምህርት ፕሮግራም ሊያስተምር ይችላል። ዓመቱ ካለቀ በኋላ እስከ ኦገስት 1 ደግሞ የልጁን እድገት በፈተና ውጤት ወይም ፈቃድ ባለው መምህር ግምገማ ያሳያል። በሃይማኖት ምክንያት ከግዴታው ነፃ መሆን ሌላ መንገድ ነው፤ የሚጠየቀውም ከትምህርት ቦርዱ ነው።

ዲሲ ሁለቱንም ትጠይቃለች፦ ወላጁ ዲፕሎማ ወይም አቻው ሊኖረው፣ ማኅደርም ሊይዝ ይገባል። ቴክሳስ የሚኖር ዘመድ «እኛ ጋ ምንም አይጠየቅም» ቢል ከእውነት ብዙ አልራቀም። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 (እ.ኤ.አ.) ቤት ውስጥ የሚሰጥን ትምህርት እንደ ግል ትምህርት ቤት ስለቆጠረው ማሳወቂያም ፈተናም የለም። የዘመዱ አባባል ግን ለሜሪላንድ ነዋሪ አይሠራም። ልጁ ትምህርት ቤት ተመዝግቦ ሳለ ቅጹ ሳይገባ ቤት ከቀረ፣ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ያለፈቃድ እንደቀረ ተማሪ ነው።