«ዲኤንኤ አርኤንኤን፣ አርኤንኤ ፕሮቲንን»፦ አባባሉ ከየት መጣ?

ባዮሎጂ የተማረ ሰው ሁሉ የሸመደዳት አንዲት አባባል አለች፦ «ዲኤንኤ አርኤንኤን ይሠራል፣ አርኤንኤ ደግሞ ፕሮቲንን ይሠራል።» ለፈተና ትመቻለች። ግን ብዙዎቻችን የያዝነው ትርጉም ባለቤቱ ካሰበው ይለያል።

መጀመሪያ የላይ ላዩን እንይ። የእኛ ሴል ፕሮቲን ሲያስፈልገው የዘር መረጃውን የያዘውን ዲኤንኤ ከኑክሊየስ (ከሴሉ እምብርት) አያወጣም። አንድ ኢንዛይም የሚፈለገውን የዲኤንኤ ክፍል (ዘረመል) ብቻ ወደ አርኤንኤ ይገለብጣል። ቅጂው ትርፉ ተቆርጦለት ይወጣና ፕሮቲን ሠሪው የሴል ክፍል፣ ራይቦዞም ጋ ይደርሳል። ባክቴሪያ ኑክሊየስ ስለሌለው ይህን ሁሉ አይጠብቅም፤ ግልበጣው ሳያልቅ ንባቡ ይጀመራል።

ራይቦዞም የሚያነበው ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ነው። ፊደላቱ፣ ማለትም አርኤንኤ የተሠራባቸው ኬሚካላዊ ክፍሎች፣ 4 ስለሆኑ 64 ዓይነት ሦስትዮሽ ይወጣል። 61ዱ የፕሮቲን መገንቢያ የሆነውን አሚኖ አሲድ ይጠራሉ፤ የቀሩት 3ቱ «በቃ፣ አቁም» ይላሉ። አሚኖ አሲዶቹ ግን 20 ናቸው። ስለዚህ ብዙዎቹ ከአንድ በላይ መጠሪያ አላቸው፤ ሊዩሲን ብቻውን 6 አለው። የተጠራውን አሚኖ አሲድ ተሸክሞ የሚመጣው ሌላ ትንሽ አርኤንኤ ነው። ራይቦዞሙ አንዱን ከአንዱ ይቀጥላል፣ ሰንሰለቱ ይረዝማል፣ ተጣጥፎ ቅርጹን ሲይዝ ፕሮቲን ሆነ ይባላል። አንድ ፊደል ብትሳሳትም አንዳንዴ ቀላል አይደለም። በማጭድ ሴል የደም ማነስ ሕመም የተለወጠችው አንዲት ፊደል ናት፤ በሄሞግሎቢን፣ ማለትም በኦክስጅን ተሸካሚው የደም ፕሮቲን፣ አንድ ሰንሰለት 6ኛው ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ ቀርቶ ቫሊን ይገባል።

ወደ መነሻው እንምጣ። ሐሳቡ የእንግሊዛዊው ሳይንቲስት የፍራንሲስ ክሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ለንደን ውስጥ ባደረገው ንግግር አቀረበው፤ በዓመቱ ታተመ። መልእክተኛው አርኤንኤ፣ ማለትም ወደ ራይቦዞም የሚሄደው ቅጂ፣ የታወቀው በ1961 መሆኑን ስናስብ የሰውዬው ድፍረት ይገርማል። ክሪክ ያለው ግን ሌላ ነገር ነበር፦ መረጃ አንዴ ፕሮቲን ውስጥ ከገባ ተመልሶ አይወጣም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደምንለው መሆኑ ነው። መረጃ ሲልም የፊደላቱንና የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል ማለቱ ነበር። ከአርኤንኤ ወደ ዲኤንኤ መመለስ አይቻልም የሚል ቃል አልወጣውም። ዛሬ የምንሸመድዳትን ቀጥተኛ መስመር በሰፊው ያስለመደው በ1965 የወጣው የጄምስ ዋትሰን መማሪያ መጽሐፍ ነው። አጠረች፣ ተወደደች፣ ዋናው ነጥብ ግን ከእጇ አመለጠ።

በ1970 ጉዱ ፈላ። ሃዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር፣ በየፊናቸው፣ አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጥ ኢንዛይም ቫይረሶች ውስጥ አገኙ። ኤችአይቪም ሴላችን ውስጥ ሥር የሚሰደው በዚሁ ዓይነት ኢንዛይም ነው። ግኝቱ በ1975 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። ያኔ «አባባሉ ፈረሰ» ተባለ። ክሪክ በዚያው በ1970 መልስ ጻፈ፤ እሱ የከለከለው ከፕሮቲን መመለስን እንጂ ይህን እንዳልሆነ አስረዳ። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። የፈረሰው የመማሪያ መጽሐፉ መስመር ነው።

ከፕሮቲን መመለስ ለምን አልሆነም? ሊዩሲንን አይተን ከ6ቱ መጠሪያዎች የትኛው እንደጠራው ማወቅ አንችልም። ይህ ግን ትንሹ ምክንያት ነው፤ ከስድስቱ አንዱን መርጦ መጻፍ ይቻል ነበርና። ትልቁ ምክንያት ፕሮቲንን አንብቦ ዘረመል የሚጽፍ መሣሪያ በየትኛውም ሴል ውስጥ አለመገኘቱ ነው።

«ፕሪዮንስ?» የሚል አይጠፋም። ፕሪዮን የተበላሸ ቅርጹን ወደ ሌላ ፕሮቲን የሚያጋባ፣ አንጎልን የሚጎዳ ፕሮቲን ነው። ነገር ግን የሚለውጠው የሌላውን አተጣጠፍ ብቻ ነው። የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል እንዳለ ይቀራል፤ ዘረመሉም አይነካም።