ጡት ለማጥባት የሚመቹ አያያዞች

አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠባል። ያን ሁሉ ጊዜ ጎብጣ የምታጠባ እናት ወገቧም አንገቷም አይችለውም። ለዚህ ነው አያያዝ ከመጀመሪያው ቀን ሊታሰብበት የሚገባው።

አያያዙ የትኛውም ይሁን፣ ልጁ ወደ ጡቱ ይመጣል እንጂ እናት ወደ ልጁ አትጎነበስም። ጀርባዋ ደገፍ፣ ትከሻዋ ዘና ይበል። የልጁ ጆሮ፣ ትከሻና ዳሌ በአንድ መስመር ይሁኑ። ሆዱ ከእናቱ ገላ ይገጠም። አንገቱ ከተጠመዘዘ መዋጥ ይከብደዋል።

ብዙዎች የሚያውቁት የእቅፍ አያያዝ ነው። የልጁ ጭንቅላት በክንድ መታጠፊያው ላይ ያርፋል። ይመቻል፣ ግን የአራስ ጭንቅላት በቀላሉ ይንሸራተታል። ለጀማሪ እናት እኔ የምመርጠው ተሻጋሪውን እቅፍ ነው። የግራውን ጡት ሲጠባ በቀኝ ክንድ ይያዛል። መዳፍ ትከሻዎቹ መሃል ያርፋል፣ ጣቶች ከጆሮው ሥር አንገቱን ይደግፋሉ። ጭንቅላቱን ከኋላ መግፋት አይገባም፤ ልጁ ይለጠጥና ጡቱን ይሸሻል።

በቀዶ ሕክምና ለወለደች እናት በብብት ሥር መያዝ ይሻላል። የልጁ እግሮች በጎኗ ወደ ኋላ ስለሚዘረጉ ክብደቱ ቁስሉ ላይ አያርፍም። መንታ ለምታጠባና ጡቷ ትልቅ ለሆነም ይሆናል።

ለሌሊት በጎን ተኝቶ ማጥባት አለ። ወተቷ በኃይል እየፈሰሰ ልጁን ትን የሚለው ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላ ደገፍ ብላ ልጁን በሆዱ ደረቷ ላይ ማስተኛት ይረዳል። ሶፋ ላይ ልጅ ታቅፎ እንቅልፍ መውሰድ ግን በጣም አደገኛ ነው። እንቅልፍ ከመጣ ልጁን ወደ መኝታው መመለስ ነው።

አያያዙ ቢያምርም አጎራረሱ ካልተስተካከለ ዋጋ የለውም። አፍንጫው በጡቱ ጫፍ ትይዩ ይሁን። ጫፉ ከንፈሩን ሲነካው አፉን በሰፊው እስኪከፍት መጠበቅ፣ ከዚያ ቶሎ ማስጠጋት። በደንብ ከጎረሰ አገጩ ጡቱን ይነካል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ በጫፉ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ቆዳ ከታች ይልቅ ከላይ በኩል የበለጠ ይታያል። ረጋ ብሎ በጥልቀት ይስባል፣ ሲውጥም ይሰማል።

«ቻይው፣ ይለመዳል» የምትባል እናት ታሳዝነኛለች። የማያቋርጥ ሕመም ብዙውን ጊዜ ልጁ ጫፉን ብቻ መያዙን ያሳያል። ጠብቶ ሲለቅ ጫፉ ተጠፍጥፎ ከወጣም ምልክቱ ያው ነው። ጡቱን መንጠቅ ቆዳውን ያቆስለዋል። ንጹሕ ትንሽ ጣትን በአፉ ጥግ አስገብቶ ማስለቀቅና እንደገና ማስጎረስ ይሻላል። ሕመሙ ካልተወ ወይም ልጁ ክብደት ካልጨመረ፣ እየጠባ እያለ ለጤና ባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል። በቃል ከመንገር ይልቅ ሲጠባ ሲታይ ችግሩ ቶሎ ይገኛል።