የቀረጻ አሉሚኒየም አኖዳይዝ ሲደረግ ገጹ ለምን ይበላሻል?

አኖዳይዚንግ የአሉሚኒየምን የላይኛ ገጽ በአሲድ ገንዳ ውስጥ፣ በኮረንቲ እየታገዘ ወደ ጠንካራ ኦክሳይድ ይለውጣል። በተዳመጠ ላሜራ ላይ ሥራው ብዙ አያስቸግርም። ቀልጦ በፎርማ በተቀረጸ ዕቃ ላይ ግን ጣጣው ብዙ ነው። ይጠቁራል፣ ይዥጎረጎራል፣ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ጥቃቅን ጉድጓድ ያወጣል።

እንዲህ ሲሆን ጣት የሚቀሰረው ገንዳው ላይ ነው። ከመፍረድ በፊት አንድ ቀላል ፈተና አለ። እንደ 6061 ካለ ያልተቀረጸ ቅይጥ ቁራጭ ተወስዶ ከዕቃው ጋር አብሮ ይነከር። ቁራጩ አምሮ ከወጣ ገንዳው ነጻ ነው። ችግሩ ከዕቃው ጋር ነው የመጣው።

ዋናው ጥፋተኛ ሲሊከን ነው። ለቀረጻ የሚወደደው ቅልጡ እስከ ፎርማው ጥግ ድረስ እንዲፈስ ስለሚያደርግ ነው። ለምሳሌ ኤ380 በሚባለው ቅይጥ ውስጥ ከ7.5 እስከ 9.5 በመቶ ሲሊከን፣ ከ3 እስከ 4 በመቶ መዳብ አለ። ሲሊከኑ እንደ አሉሚኒየሙ አይለወጥም። ባለበት ይቀርና ሽፋኑን ግራጫ ያደርገዋል፤ ሽፋኑ በወፈረ ቁጥርም ይጠቁራል። ከእንዲህ ዓይነት ቅይጥ ደማቅ ወርቃማ መጠበቅ ከንቱ ልፋት ነው። ጥቁር ቀለም ግን ያስኬዳል። ደማቅ ቀለም የግድ ከሆነ፣ ሲሊከኑ አነስተኛ የሆነ ባለማግኒዚየም ቅይጥ ገና ከቀረጻው በፊት መመረጥ አለበት።

ቅድመ ዝግጅቱም ነገር ያባብሳል። ዕቃው አኖዳይዝ ከመደረጉ በፊት ገጹ እንዲጸዳ የሚነከርበት ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየሙን ይበላል፤ ሲሊከኑንና መዳቡን ግን ይተዋቸዋል። እነሱም ጥቁር ጥቀርሻ ሆነው ገጹ ላይ ይቀመጣሉ። መዳቡን ናይትሪክ አሲድ ያነሳዋል። ሲሊከኑ ግን ፍሎራይድ ካልተጨመረበት ንቅንቅ አይልም። ፍሎራይድ ያለበት አሲድ ደግሞ ቆዳን ዘልቆ አጥንት ድረስ ስለሚጎዳ ያለ ሥልጠናና መከላከያ አይነካም። ስለዚህ ሶዳው ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ማሳጠር ይሻላል።

ሌላው ቀዳዳ ነው። በከፍተኛ ግፊት ሲቀረጽ አየር ውስጡ ይታፈናል። የላይኛው ቆዳ ጥቅጥቅ ስላለ ቀዳዳው አይታይም፤ በማሽን ሲላግ ግን አፉን ይከፍታል። አሲድ ይገባበታል፣ ዕቃው ከደረቀ በኋላም እየሰረገ ነጭ እድፍ ይጥላል። ደጋግሞ ማለቅለቅ ያቃልለዋል እንጂ አይፈታውም። መፍትሔው ቀረጻውን ማስተካከል ወይም ቀዳዳዎቹን አስቀድሞ በሬዚን፣ ማለትም ገብቶ በሚደነድን ሙጫ፣ መድፈን ነው። የተላገውና ያልተላገው ክፍል የተለያየ መልክ ይዘው ቢወጡም አይግረም፤ ገጻቸው አንድ አይደለም።

ገንዳውም ቢሆን ሁልጊዜ ከጥፋት ነጻ አይደለም። በተለመደው የሰልፈሪክ አሲድ አሠራር ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይያዛል። በጣም ከሞቀ ሽፋኑ እንደ ዱቄት በእጅ ይለቃል። ክሎራይድ ከገባበት ገጹን ይበሳሳዋል። ዕቃው ማንጠልጠያው ላይ በደንብ ካልጠበቀ የተነካካበት ቦታ ይቃጠላል። ባለብዙ ሲሊከን ቅይጥ ላይ ደግሞ ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ነው የሚጨመረው። በአንዴ ከተለቀቀበት ማቃጠሉ አይቀርም።