ስለ ጀበና የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ሸክላ ከእሳት የወጣ ነው፤ በእሳት አይሰነጠቅም»

ጀበና በእንጨት፣ በኩበትና በጭድ ሲቃጠል ሙቀቱ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የከሰል እሳት ብቻውን አይሰብረውም፤ የሚሰብረው ድንገተኛ ለውጥ ነው። ሸክላ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም። የጋለ ጀበና ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጨመር የውስጡ ግድግዳ ይኮማተራል፣ የውጩ እንደተለጠጠ ይቀራል፤ ያኔ ይተረተራል። ባዶውን እሳት ላይ መጣድም፣ ትኩሱን አውርዶ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ማስቀመጥም ያው ነው። የጀበና ማስቀመጫው ማቶት የሚሠራውም ለጌጥ ብቻ አይደለም። ሸክላ ሠሪዎች ጭቃው ላይ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል የሚቀላቅሉትም ይህን ለውጥ እንዲችል ብለው ነው፤ ጀበና በተሰነጠቀ ቁጥር ሠሪዋን መውቀስ ግፍ ነው።

«አዲስ ጀበና ታጥቦ ወዲያው ቡና ይፈላበታል»

ቢፈላበትም ቡናው አፈር አፈር ይላል። መጀመሪያ ይሟሽ። ውኃ ሞልተው ያሳድሩትና ይድፉት። ከዚያ እስከ አንገቱ ሥር ውኃ ሞልተው አንድ ሲኒ የቡና አተላ ይጨምሩበት፤ በለዘብተኛ እሳት ግማሽ ሰዓት ያህል ያፍሉት። የአፈር ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ሸክላው በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ የአተላው ደቃቅና ቅባት እነሱን ይደፍናል። አንገቱን ጭምር ግን አይሙሉት፤ አረፋው መሄጃ አጥቶ ይገነፍላል።

«ያላበው ጀበና ተሰንጥቋል»

ወዙ ሆዱን በሙሉ እኩል ካለበሰው ቀዳዳዎቹ ገና አልተደፈኑም ማለት ነው፤ ሲሟሽ ይቀንሳል። እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ ላብ ነው፤ ወደ ውጭ የወጣው ውኃ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እርጥበቱ በአንድ መስመር ብቻ ከታየ ግን ስንጥቅ ነው። ሲገዙ በጣት አንጓ መታ መታ ያድርጉት፤ የታፈነ ድምፅ ካሰማ ይተዉት።

«ጥቁረቱ ቀለም ነው፤ ቀዩ ደግሞ ያልበሰለ ነው»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ገና እንደጋለ በጭድ ወይም በቅጠል ከታፈነ የጭሱ ካርቦን ሸክላው ውስጥ ገብቶ ያጠቁረዋል። ያው ጭቃ አየር እያገኘ ከተቃጠለ በውስጡ ያለው ብረት ያቀላዋል።

«በሳሙና ካልታጠበ አይጠራም»

ሳሙናው ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይቀርና በሚቀጥለው ቡና ይወጣል። ሙቅ ውኃ ጨምረው እየናጡ ደጋግመው ያለቅልቁት፣ ከዚያ ውታፉን አውጥተው አፉን ወደ ታች ዘንበል አድርገው ያድርቁት። እርጥቡን ወትፈው ካሳደሩት ይሻግታል።