የካልካታው የጸሐፊዎች ሕንጻ

በሕንድ የምዕራብ ቤንጋል ርእሰ ከተማ በኮልካታ (በድሮ ስሟ ካልካታ)፣ ላል ዲጊ ከሚባለው የድሮ ኩሬ በስተሰሜን፣ አንድ ረጅም ቀይ ሕንጻ የአደባባዩን አንድ ጎን ከዳር እስከ ዳር ይዞ ቆሟል። ስሙ «የጸሐፊዎች ሕንጻ» ይባላል። ይህን የሰማ ሰው የደራስያን ማኅበር ቤት ሊመስለው ይችላል፤ በአማርኛም «ጸሐፊ» ስንል መጽሐፍ የሚደርሰውንም ደብዳቤ የሚገለብጠውንም ስለሆነ በስሕተቱ አይወቀስም። ቤቱ የተሠራው ግን ለሁለተኛዎቹ ነበር። የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ከአገሩ እያስመጣ በዝቅተኛው ማዕርግ የሚቀጥራቸውን፣ ሒሳብ የሚመዘግቡና ደብዳቤ የሚገለብጡ ወጣቶች «ጸሐፊ» ይላቸው ነበር።

ንድፉን ያወጣው ቶማስ ላዮን ሲሆን፣ ሥራው የተጀመረው በ1777 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው ላይ ቀድሞ የቅድስት አን ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ የቤንጋሉ ገዢ ሲራጅ ኡድ ዳውላ በ1756 ከተማዋን በያዘ ጊዜ ፈርሳ ቀርታለች። የመጀመሪያው ሕንጻ ባለ ሦስት ደርብ፣ ጌጥ የሌለው ረጅም ማደሪያ እንጂ ዛሬ የሚታየው ባለ ግርማ ቤት አልነበረም። በ1800 የእንግሊዙ አገረ ገዢ ዌልስሊ የፎርት ዊልያም ኮሌጅን ሲያቋቁም ትምህርት ቤቱ ወደዚሁ ሕንጻ ገባ። ወጣቶቹ ሹማምንት የሚገዟቸውን ሰዎች ቋንቋ እንዲማሩ ተብሎ በዚያ ኮሌጅ የተዘጋጁት መማሪያ መጻሕፍት ለቤንጋልኛ ዝርው ጽሑፍ እድገት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ ለቅኝ ገዢ ቢሮክራሲ ጥቅም የታሰበ ሥራ ለተገዢው ሕዝብ ሥነ ጽሑፍ መዋሉ የዚህ ቤት ታሪክ ካሉት አስገራሚ ገጾች አንዱ ነው።

ሕንጻው የአሁኑን መልክ ያገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ከ1877 እስከ 1882 ቤንጋልን ያስተዳደረው አሽሊ ኤደን የክፍለ ግዛቱን ጽሕፈት ቤት ወደዚህ ሲያዛውር፣ ለሥልጣን የሚመጥን ፊት ያስፈልጋል ተባለ። በዚያ ዘመን መግቢያው በግሪክና በሮም አሠራር ዓምዶች ቆሙለት፣ የግንቡ ቀይ ጡብም ሳይለሰን እንዲታይ ተደረገ፤ ከኋላው ደግሞ አዳዲስ ክፍሎች እየተጨመሩ በብረት ደረጃዎች ተያያዙ። ከመግቢያው በላይ የሮማውያን የጥበብ አምላክ ሚነርቫ ቆማለች። ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ፍትሕን፣ ንግድን፣ ሳይንስንና እርሻን የሚወክሉ አራት የሐውልት ስብስቦች ይታያሉ፤ በእያንዳንዱ መካከል አንድ የግሪክ አምላክ፣ በግራና በቀኙም አንድ አውሮፓዊና አንድ ሕንዳዊ ባለሙያ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ባለሙያዎች በሐውልቱ ላይ ጎን ለጎን ቢሆኑም፣ ከበታቹ ባሉት ቢሮዎች ግን ማን አዛዥ ማን ታዛዥ እንደነበር ግልጽ ነው።

ቤንጋሎች ስለዚህ ቤት ሲያወሩ ከሐውልቶቹ በፊት የሚያነሡት በረንዳውን ነው። ዲሴምበር 8 ቀን 1930 ቢኖይ ባሱ፣ ባዳል ጉፕታና ዲኔሽ ጉፕታ የተባሉ ለሕንድ ነጻነት የሚታገሉ ሦስት ወጣቶች የአውሮፓውያን ሙሉ ልብስ ለብሰው ማንም ሳይጠረጥራቸው ገቡ። ከሦስቱ ትልቁ 22 ዓመቱ ነበር። የፈለጉት በፖለቲካ እስረኞች ላይ በሚፈጸመው ጭካኔ ስሙ የሚነሣውን የወህኒ ቤቶች ዋና ኃላፊ፣ ኮሎኔል ሲምፕሰንን ነበር፤ ቢሮው ገብተው በጥይት ገደሉት። ከዚያም ከፖሊሶች ጋር በዚያው በረንዳ ላይ ተታኮሱ። ጥይታቸው ሲያልቅ ባዳል መርዝ ውጦ ወዲያው ሞተ፤ ሁለቱ በራሳቸው ላይ ተኮሱ። ቢኖይ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ፤ ዲኔሽ ድኖ በጁላይ 1931 ተሰቀለ። ቀድሞ በእንግሊዙ አገረ ገዢ በዳልሁዚ ስም ይጠራ የነበረው አደባባይ ሕንድ በ1947 ነጻ ከወጣች በኋላ በሦስቱ ስም ተሰየመ፤ ሐውልታቸውም ከሕንጻው ፊት ለፊት ቆሟል።

ከ1947 ወዲህ ሕንጻው የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት መቀመጫ ሆኖ ቀጠለ። የሠራተኛው ቁጥር ሲበዛ ቀድሞ አየርና ብርሃን ይገባባቸው በነበሩት ግቢዎች ውስጥ ተጨማሪ ክፍሎች ተሠሩ፤ በየኮሪደሩ የእንጨት መከለያ፣ የተጠላለፈ የኤሌክትሪክ ሽቦና እስከ ጣሪያ የተቆለለ የፋይል ክምር ሞላ። እንዲህ ያለ ቤት አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። በኦክቶበር 2013 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ሕንጻውን ለማደስ ሲል ጽሕፈት ቤቱን ከሁግሊ ወንዝ ማዶ፣ ሀውራ ወደሚገኘው ናባንና ወደተባለ ባለ 14 ፎቅ ሕንጻ አዛወረ። ለጊዜው ነው የተባለው ቆይታ ለዓመታት ተራዘመ።

እድሳቱ የዘገየው በገንዘብና በአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በሥራው ጠባይም ነው። የካልካታ አሮጌ ግንቦች የተገነቡት በኖራና በተፈጨ ሸክላ ቅልቅል ሲሆን፣ ይህ ማያያዣ እርጥበትን እየሳበ መልሶ ያስተነፍሳል፤ በላዩ ሲሚንቶ ከተለጠፈበት ግን ውኃው መውጫ አጥቶ ጡቡን ከውስጥ እየላጠ ይጥለዋል። በዝናሙ ወራት በስንጥቁ ውስጥ የሚበቅለው የሾላ ዘመድ ችግኝም ሥሩ ሳይወፍር ካልተነቀለ ግድግዳ ይሰነጥቃል።

ከቴክኒኩ የሚከብደው ግን የትኛው ዘመን ይጠበቅ የሚለው ነው። ሰው የሚወደው ቀይ ፊት የላዮን ሥራ አይደለም፤ በግዛቱ ኃያልነት ዘመን የተደረበ ነው። ከነጻነት በኋላ ከተጨመሩት ክፍሎች ብዙዎቹ ግቢዎቹ እንዲከፈቱ ተብሎ መፍረስ ጀመሩ፤ ለአየሩም ለእሳት አደጋውም ሲባል ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን «መልክ የላቸውም» የሚለው ምክንያት ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ቤንጋሎች ራሳቸውን ያስተዳደሩባቸው ፋይሎች የተጻፉት በነዚያ ክፍሎች ውስጥም ነው። በረንዳውን በተመለከተ ግን ክርክር የለም፤ ሦስቱ ወጣቶች የተታኮሱበት ስለሆነ እንደነበረ ይቆያል።